ፕሮፌሰሩና የአራተኛ ፎቁ ሮቶ

አንድ የኔትወርክ ፕሮፌሰር፣ ያውም ከረባት ያሰሩ፣ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን አሸክሜ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አውጥቻቸዋለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴ እንኳን ደረጃው ላይ ተላልፋቸው አዲስ ተከራይ መስለዋት "እግዜር ያበርታዎት" ብላ አልፋለች። ማታ ፕሮፌሰር ናቸው ስላት ሳምንት ሙሉ ሳቀችብኝ።

ሙያዬ ዲሽ ነው። ዲሽ እተክላለሁ፣ ዋይፋይ እዘረጋለሁ፣ ካሜራ እገጥማለሁ፤ ባጭሩ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ የኔ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ እኔ ግን አልቆምኩም። የተማርኩት በመፍታት ነው። መጀመሪያ የአጎቴን ሬድዮ ፈታሁ፣ መግጠም አቃተኝ፣ ተገረፍኩ። ቀጥሎ የጎረቤት ፈታሁ፣ ገጠምኩት፣ ሦስት ብሎን ተረፈኝ፣ ሬድዮው ግን ከበፊቱ ጠርቶ ሰራ። ያኔ ነው ሊቅ መሆኔን ያወቅኩት። ዛሬ ከቦሌ እስከ አያት እጄ ያላረፈበት ጣሪያ ካለ፣ ገና ያልተሰራ ቤት ነው።

ልጅቷን የላከብኝ አንድ የድሮ ደንበኛዬ ነው። "የዩኒቨርስቲ ሰው ናት፣ የምትተክለው ነገር አላት" አለኝ። በሜትር ታክሲ መጣች፣ ኋላው በካርቶን ተሞልቷል። ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ቃላቱን ቆጥባ የምታወጣ። የዶክትሬት ተማሪ መሆኗን ስትነግረኝ እዚያው "ዶክተር" ማለት ጀመርኩ።

"ገና አልሆንኩም ጋሼ።"

"ትሆኛለሽ። ቀብድ ነው በይው።"

ምርምሯን ስታስረዳኝ ቶሎ ገባኝ፤ ለናንተም ላስረዳችሁ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱን እዚህ ብሎክ ላይ፣ ሌላውን ፊት ለፊቱ ባለው ብሎክ ላይ ትሰቅላለህ። ያለ ገመድ ያወራሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ምን ያህል አጥርቶ እንደሰማ ደሞ ቀን ከሌት ይመዘግባል። ዓላማው ኮንዶሚኒየም ውስጥ መሬት ሳይቆፈር፣ ገመድ ሳይጎተት፣ ከብሎክ ብሎክ ኢንተርኔት ማሻገር ነው። ሦስት ቦታ ነበር የተፈቀደላት፤ ቦሌ አንድ የቢሮ ሕንጻ፣ አያት፣ እና የኛው ሰሚት። እኔም የምኖረው እዚያው ስለሆነ የሰሚቱን እንደ ራሴ ቤት ቆጠርኩት።

ጊዜ እንደሌላት የነገረችኝ አያት ሳጥኑን እየሰቀልኩ ነው። ደቡብ ያለ አንድ ዩኒቨርስቲ ነው ልኮ የሚያስተምራት፤ መምህርት ናት እዚያ። እስከ ሰኔ ካልጨረሰች ተመለሺ ይሏታል።

"ተመልሰሽ እዚያው አትጨርሺውም?" አልኳት።

"ከተመለስኩ የማስተምረው አምስት ክፍል ይሰጡኛል። የተመለሱትን አይቻለሁ ጋሼ፣ የጨረሰ የለም።"

መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። ወደ ላይ አላየችም፣ መሰላሉን ነው ያየችው። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ሰሚት ላይ የሆነው እንዲህ ነው። እሷ ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ላይ ሆና፣ እኔ በኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ፣ ክፍቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነኝ። ከሰጠችኝ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር "በሁለቱ ሳጥኖች መሃል ምንም ነገር እንዳይኖር" ይላል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደሞ የእማማ የውሃ ሮቶ አለ። እማማ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከሆሳዕና የመጡ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ኅብረት በትልቅ ድስት የሚያበስሉ። ሮቷቸው ባለ አምስት መቶ ሊትር ነው፣ ጥቁር።

ሳጥኑን ከሮቶው ፊት ባደርገው ዝናብም ፀሐይም ይመታዋል፤ ከዚያ በላይ ደሞ ከታች ይታያል። እኛ ሰፈር መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ዕቃ ከታየ ሁለት ቀን አያድርም። ስለዚህ ከሮቶው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ደበቅኩት። ሮቶውን በእጄ መታሁት፤ ድም አለ፣ እንደ ከበሮ። ባዶ ነው። ፕላስቲክ ደሞ ለሲግናል እንደ መጋረጃ ነው፣ ያልፈዋል። እውነትም ሲሞከር ሙሉ ሆኖ ተነበበ።

በስልክ ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ መሃል ላይ የሚከልል ነገር አለ?"

"ምንም የለም። ሰማይ ብቻ ነው።"

እሷም ፎርሟ ላይ "መከለያ የለም" በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሃያ ዓመት ዲሽ የተከለ ሰው ቃል ነዋ።

የቦሌው መረጃ ጠርቶ መጣ። የአያቱም እንደዚያው። የሰሚቱ አበደ። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሐሙስ ጠዋት ላይ ከገደል እንደወደቀ ሰው ዱብ ይላል። ከዚያ አርብ ትንሽ ቀና፣ ቅዳሜ ትንሽ ቀና፣ እያለ እያለ ማክሰኞ ረቡዕ ላይ ይድናል። ሐሙስ እንደገና ዱብ። አንዳንድ ሐሙስ ደሞ ምንም አይሆንም። አንዴ ጭራሽ ወድቆ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይነሳ ተኛ። ልጅቷ የምትመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ ሌላውን ቀን ዩኒቨርስቲው ይይዛታል። ስትመጣ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። ሐኪም ሲያይ እንደሚሻለው በሽተኛ።

ፕሮፌሰሩ ያኔ ለኔ ድምፅ ብቻ ነበሩ። በስፒከር ታገናኛቸዋለች፣ እኔም እሰማለሁ። የሳቸው ጥርጣሬ አውሮፕላን ነው። ሰሚት ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ አውሮፕላን ከላያችን ይወርዳል፣ የሱ ራዳር ይረብሻል አሉ። በሉ ብለን፣ እሷም አስፈቅዳ፣ አንድ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጠን አውሮፕላን ቆጠርን። እሷ ሰዓቱን ትጽፋለች፣ እኔ የጭራውን ቀለም እነግራታለሁ። ቀለሙ ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቀችኝም፤ ልጅቷ ጨዋ ናት። ለማንኛውም የአውሮፕላኑና የሳጥኑ ነገር ጭራሽ አልገጠመም። እሷ ግን ሌላ መልስ ስላልነበራት ስለ አውሮፕላን አንድ ምዕራፍ መጻፍ ጀመረች፣ ሳታምንበት።

ግንቦት ሲገባ ፕሮፌሰሩ ቁርጡን ነገሯት። "ምክንያቱን ማሳየት ካልቻልሽ የሰሚቱን መረጃ አውጪው።"

"ካወጣሁት ሁለት ቦታ ነው የሚቀረኝ ፕሮፌሰር። የጸደቀልኝ ሦስት ነው።"

"እሱማ ሌላ ቦታ እንደገና መለካት ነው።"

እንደገና ማለት ስምንት ወር ነው። ሰኔ ደሞ በር ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የስምንት ወሩን ውጤት በረጅም ወረቀት አትማ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ነፋስ ስላስቸገረን እማማ ቤታቸው አስገቡን፣ ሻይ አቀረቡ። ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ዘረጋነው፣ ከሶፋው እስከ በሩ ደረሰ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"የሳጥኑ የልብ ትርታ በሉት እማማ።"

"ታሟል እንዴ?"

"በየሐሙሱ ይታመማል።"

"እዚህ ጋስ? ጭራሽ የተኛበት?"

ልጅቷ ቀኑን አነበበችላቸው፣ ጥር አጋማሽ ነው። እማማ በጣታቸው ቆጠሩ።

"እኔ እኮ ያኔ ሆሳዕና ነበርኩ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ። ሐሙስ ውሃ መጣ፣ ሮቶዬን ሞልቼ፣ ቆልፌ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ስመለስ እንደሞላ አገኘሁት፣ ማንም አልነካብኝም፣ ጌታ ይመስገን።" ከዚያ ሳቁ። "ሳጥኑም እኔ ስሄድ ከፍቶታል ማለት ነው።"

ልጅቷም ሳቀች። እኔ ግን የሻዩን ብርጭቆ መልሼ አስቀመጥኩ። በኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሐሙስ። ሐሙስ ሮቶ ይሞላል። ከዚያ አርብ ትንሽ ይጎድላል፣ ቅዳሜ ትንሽ ይጎድላል፣ ረቡዕ ላይ ስትመታው ድም ይላል። እኔ ሳጥኑን የሰቀልኩት ረቡዕ ነበር። ልጅቷ ይሄን ልታስበው አትችልም፤ መሃል ላይ ሰማይ ብቻ ነው ብያታለሁ።

ምንም ሳልናገር ቤቴ ሄድኩ። ዋይፋዩን ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኬን ግድግዳው ጋ አደረግኩ፤ ሲግናሉ ሙሉ ነው። መሃላቸው ላይ የሚስቴን የውሃ በርሜል፣ ሙሉውን፣ እየጎተትኩ አቆምኩ። የስልኬ ምልክት አንድ መስመር ሆኖ ቀረ።

ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። "ምን እየሰራህ ነው?"

"እየተሳሳትኩ ነው።"

"እሱን በርሜሌን ሳትነካ ነበር የምትሰራው።"

ያን ሌሊት ሰይጣን አማከረኝ፣ አልዋሻችሁም። ነገ ወጥተህ ሳጥኑን አንድ ክንድ ወደ ጎን አዙረው፤ መስመሩ ይጠራል፣ ሳጥኑ በራሱ ተሻለው ይባላል፣ ስምህም እንደተከበረ ይኖራል። ግን የልጅቷ ስምንት ወር የት ይገባል? ያ መሰላል ትዝ አለኝ። ጠዋት ደወልኩላት። ቦሌ፣ ሳጥኑ ያለበት ሕንጻ ሥር ያለው ካፌ ተገናኘን። ማኪያቶ አዘዘች፣ እኔ ምንም አላዘዝኩም፤ ይሄም በሕይወቴ የመጀመሪያ ነው።

"ዶክተር፣ የሰሚቱን ሌባ ይዤዋለሁ።"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሮቶውን፣ ሐሙስን፣ በርሜሉን። አላቋረጠችኝም። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

"ጋሼ፣ መሃል ላይ የሚከልል አለ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ሰማይ ብቻ ነው አሉኝ።"

አንድ ቀልድ መጣብኝ፣ ዋጥኩት። ከተወለድኩ የዋጥኩት ቀልድ እሱ ብቻ ነው። የቀዘቀዘውን ማኪያቶ በማንኪያ አማሰለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ፎርሙ ላይ ምልክት ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ተሻግሬ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።" ከዚያ ቀና አለች፣ ፊቷ ሌላ ሆነ። "ውሃ የመጣበትን ቀን የሚመዘግብ ሰው አለ?"

አለ እንጂ። የብሎካችን ጥበቃ ደብተር አለው። በፊት ፓምፑ ለማን ቀድሞ ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ቆየ እየተባለ ጠብ ስለነበር፣ ኮሚቴው ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፍ አዞታል። ጥበቃው የድሮ ወታደር ነው፤ ጻፍ ካሉት ይጽፋል። ደብተሩን ከወረቀቷ ጎን አስቀምጣ በእርሳስ አንድ በአንድ አስተያየች። ውሃ የመጣበት ሐሙስ፣ መስመሩ ወድቋል። ውሃ የቀረበት ሐሙስ፣ አልወደቀም። አንድም አልሳተም። እርሳሱን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

ጥበቃው ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ "ያጠፋሁት ነገር አለ?" አለኝ።

ፕሮፌሰሩ ግን በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። "የጥበቃ ደብተር ይዤ ኮሚቴ ፊት አልቀርብም" አሉ በስልክ። "በዓይኔ ልየው።" የሳቸው ኮሚቴ ደሞ የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ አንድ ብቻ ነው።

በዚያ ሐሙስ ፕሮፌሰሩ መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፣ ሽበታም፣ ኮትና ከረባት። ሮቶውን አዩት፣ ሳጥኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እርስዎ ነዎት የተከሉት?"

"እኔ ነኝ ፕሮፌሰር። ጥሩ አድርጌ ነው የደበቅኩት።"

ወደ ቧንቧው ዞሩ። ጠበቅን። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አምስት። ቧንቧው ትንፍሽ አላለም። ፕሮፌሰሩ ጥበቃውን ጠየቁት፣ "ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ሲመጣ ነው ጌታዬ።"

ልጅቷ ላፕቶፗን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሮቶው ባዶ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ጤነኛ ነው፣ ሁለታችንም ውሸታም መስለናል። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ።

"አይሂዱ" አልኳቸው። "እኔ እሞላዋለሁ።"

አምስት መቶ ሊትር ማለት ሃያ አምስት ጄሪካን ነው፤ በኛ ብሎክ ደሞ ሐሙስ ጠዋት ውሃ መለመን ነፍስ መለመን ነው፣ ሁሉም የቀረችውን ነው የሚጠብቀው። በር በር ዞርኩ። ዲሽህን የሰራሁልህ፣ ካሜራሽን የገጠምኩልሽ እያልኩ ቀለድኩ፣ ለመንኩ። በዚህ ሁሉ ዝናዬ ሦስት ጄሪካን አገኘሁ። አንዱም ግማሽ ነበር።

ያኔ እማማ ኮሪደሩ ላይ ወጡና ወደ ታች ተናገሩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "የልጅቷ ትምህርት ሊቀር ነው። ውሃው አይጠጣም፣ አይፈስም። ሮቶ ውስጥ ቆሞ ይታይና እያንዳንዱ የራሱን ይወስዳል።"

በር መከፈት ጀመረ። ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ቢጫ ጄሪካን ሰልፍ ይዞ ወጣ። ጥበቃው ማን ስንት እንዳመጣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ እገለብጣለሁ። ልጅቷ ቁጥሩን ትጠራለች። አምስት ጄሪካን፣ ምንም የለም። አስር፣ ምንም የለም። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የኔ ሸሚዝ በውሃ ይሁን በላብ አላውቅም፣ ተጣብቋል። አስራ ሁለተኛውን ስገለብጥ ውሃው ሳጥኑ ካለበት ከፍታ ላይ ደረሰ መሰለኝ፣ የልጅቷ ድምፅ ተሰበረ።

"እየወረደ ነው።"

አስራ አምስት ላይ መስመሩ መሬት ነካ። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት፣ ሮቶውን አዩት።

"አውጡት" አሉ።

በሮቶው ቧንቧ መልሰን ወደየጄሪካኑ ቀዳን። መስመሩ እየተነሳ፣ እየተነሳ ሙሉ ሆነ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እንደዚያ ቀን የሚያምር መስመር አላየሁም።

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ። አሁን ድገሙት። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ አይሆንም።"

የወጣው ሰው ሁሉ እያለከለከ ጄሪካኑን ይዞ ሊወርድ ነበር። ማንም ሊናገራቸው አልደፈረም፣ ከእማማ በቀር።

"እሺ ልጄ፣ እንድገመው። ሁለተኛውን አንተ ጀምር።"

ፕሮፌሰሩ አንተ ሲባሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸውም ቆመው አሰቡ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፣ ለጥበቃው ሰጡት፣ ምድር ቤት ቀርተው የነበሩትን ጄሪካኖች ሊያመጡ ወረዱ። ከረባታቸውን ረስተውት ነበር። ትከሻቸው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ እንደ ሻንጣ ነበር የያዙት። አራት ዙር ወጡ። በሦስተኛው ላይ ክዳኑ ላልቶ ከከረባታቸው እስከ ወገባቸው በሰበሱ፣ ደረጃውን ግን ቀጠሉ። ሲሞላ መስመሩ እንደገና ወረደ፣ ሲቀዳ እንደገና ተነሳ።

ሲጨርሱ ደረጃው ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

"የአውሮፕላኑን ምዕራፍ አውጪው" አሏት። "የሱ ቦታ ላይ ይሄ ይገባል። በየጣሪያው ሮቶ ባለበት ከተማ ያለ ገመድ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሁሉ ይሄን ማወቅ አለበት። ፎርሙ ስህተት እንደነበረም ጻፊው፣ አትደብቂው።"

"እጽፈዋለሁ።"

"እኔስ እጻፋለሁ?" አልኩ።

"በስህተትነት" አሉኝ። አልሳቁም፣ ግን አፋቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር አየሁ።

ሰኞ ኮሚቴው ሦስቱንም ቦታ ተቀበለላት። ሰኔ ውስጥ፣ ዝናብ በሚያጉረመርምበት አንድ ጠዋት፣ አዳራሽ ውስጥ ፈታኞቹ ፊት ቆማ ስለ ጥናቷ መልስ ስትሰጥ እኔና እማማ ኋላ ወንበር ላይ ነበርን። ወሬው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግማሹን ሰማሁ፣ እማማ ሙሉውን ጸለዩ። አንዱ ፈታኝ ስለተከላው ሲጠይቃት፣ "ቦታውን ሄጄ ሳላይ ነው የፈረምኩት፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው" ስትል ሰማኋት። እኔን አልጠቆመችም። ልነሳ ነበር፣ እማማ የኮቴን ጫፍ ጎትተው አስቀመጡኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶ ፕሮፌሰሩ ከሁሉ ቀድመው እጇን ሲጨብጡ ማለፏ ገባን። ከመስከረም ጀምሮ ደቡብ ወርዳ እያስተማረች ነው፣ ወረቀቷን ጨርሳ።

አሁን ውሸት ነው የምትሉ አላችሁ፣ ይታየኛል። ሰሚት ሂዱ። ጥበቃውን ደብተሩን አሳየን በሉት፣ የዚያን ሐሙስ ገጽ ላይ ከጎረቤቶቹ ቀጥሎ "እንግዳው ሰውዬ፣ አራት" ተብሎ ተጽፏል። እማማን ጠይቁ፣ ጊዜ ካላችሁ ብቻ፣ ሳትበሉ አይለቋችሁም። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሰውዬ ጠይቁ፤ ሙሉ ሰጥቼ ጎዶሎ ነው የተመለሰልኝ ብሎ እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ይከራከራል፣ ለኔ ሊያዳላ አይችልም። እሱም ካላሳመናችሁ ዩኒቨርስቲው ድረስ ሄዳችሁ ሽበታሙን ፕሮፌሰር ራሳቸውን ጠይቋቸው። እኔ ከቤቴ አልነሳም፣ እዚሁ ነኝ፤ የሚሉትን ሰምታችሁ ኑ።